ኮባ ያነጠፍኩበት አይሱዙ

ልጄ ባለፈው ሳምንት አንድ ወረቀት ይዞ ገባ። የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ከቡታጅራ ከብት ይጭናል። «ስለ ከብት አጫጫን ሥልጠና ሰጡን» አለኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ በጣቴ እየተከተልኩ ቀስ ብዬ አነበብኩት። «የመኪናው ወለል የማያንሸራትት ይሁን» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ።

«እማ፣ ምን አገኘሽ?»

«ሐጂ ሸምሱን።»

ባገባሁ በዓመቱ ነበር። መስቀል ተቃርቧል፤ ሜዳው አደይ ለብሷል። ይህን ልጄን አርግዤ ሰባት ወሬ ነው። ወላጆቼን ልጠይቅ ቸሃ ብሄድ አባቴ «የልጅ ልጄ ወተት እንዳያጣ» ብሎ ዳለቻ ላሙን ሰጠኝ። እሷም ልትወልድ ተቃርባለች፤ እኔ እስካገባሁበት ቡታጅራ ድረስ በእግሯ አትችልም። የመስቃኑ ነጋዴ ሐጂ ሸምሱ ለበዓሉ ሰንጋ ሊጭኑ መጥተው ስለነበር አባቴ ለመናቸው፤ እሺ አሉ።

እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። ብትወድቅስ? ብትጨነግፍስ? በጠዋት ከጓሮ ለምለም የእንሰት ቅጠል ቆርጬ፣ አጥቤ፣ ሐጂ ባመጡት አይሱዙ ወለል ላይ ደራርቤ አነጠፍኩ። እኛ ዘንድ ለተከበረ እንግዳ ምግብ የሚቀርበው በኮባ ነው፤ ለላሜ ከዚህ የበለጠ ምን ላድርግ?

ሐጂ አይተው ከዘራቸውን ተደገፉ። «ሱብሃነላህ! ክትፎ ልታቀርቢ ነው?»

ሰዉ ሳቀ።

«እንዲመቻት ብዬ ነው፣ ሐጂ።»

«አንሺው፣ ልጄ።»

እልህ ያዘኝ። ላሳያቸው ብዬ ወጥቼ ረገጥኩት። እግሬ ከሥሬ ሸሸ፤ ሐጂ ክንዴን አፈፍ አድርገው ያዙኝ። ያኔ ማንም አልሳቀም።

«አንቺን እኔ ያዝኩሽ» አሉ ቀስ ብለው። «እሷን ማን ይይዛታል?»

ኮባውን አስጠርገው የወንዝ አሸዋ አስመጡ፤ በላዩ ደረቅ ሣር አስበተኑ። በሬዎቹ እንዳይወጓት በጣውላ አስከለሏት፤ ቦታ ቢጠብ ሁለት ሰንጋ አስወረዱ። ሾፌሩ «ገበያው ሊያመልጠን ነው» ብሎ ሲያጉረመርም «ከቸኮልክ አንተ ከኋላ ቁም፣ ላሟ ጋቢና ትግባ» አሉት።

እኔና ሐጂ ከሾፌሩ ጋር ጋቢና ገባን፤ መንገዱ ጭቃ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ የአህያ ጋሪ ድንገት ገባብን፤ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ከኋላ የኮቴ ድምፅ ተንኳኳ። ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ «ማርያም፣ ማርያም» አልኩ። ወርደን አየን። ዳለቻ አራት እግሯን ከፈት አድርጋ፣ ኮቴዋን አሸዋው ውስጥ ተክላ ቆማለች። ታመሰኳለች!

«አልሃምዱሊላህ» አሉ ሐጂ። እኔ አለቀስኩ።

በሁለት ሳምንቷ በደህና ወለደች። ልጄ ያደገው በእሷ ወተት ነው። ሐጂ ካረፉ ቆዩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ወረቀት ላይ የተጻፈውን እሳቸው ማንም ሳያሠለጥናቸው ያውቁት ነበር። ያን ቀን ግን ደንግጬ፣ በወጉ እንኳ አላመሰገንኳቸውም።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ለመስቀል ሰንጋ ሊጭን ሲል ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ።

«አሸዋ አድርገሃል?»

«ኧረ እማ! አንቺ ከተቆጣጣሪም ትብሻለሽ። ነይ ውጪና እዪው።» ክንዴን ይዞ ደግፎ አወጣኝ። «ቀስ፣ እንዳትወድቂብኝ።»

ወለሉን ረገጥኩት። እግሬ አልሸሸም።

«ጫን» አልኩት።