በሰሊጥ ሚዛን የተመዘነው ኮምፒውተር

ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ ሰርካለም የማትንቀው ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ጠበቆቹን ትንቃለች፤ አንዲት ገጽ ክስ ለማስጻፍ ሦስት ጊዜ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ። የሰሊጥ ባለሀብቶቹን ትንቃለች፤ አምስት መቶ ሄክታር አርሰው ስማቸውን ለመፈረም እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ኮምፒውተር በየጊዜው የሚያስገቡትን መሥሪያ ቤቶች ትንቃለች፤ ማሽኑ አቧራ ይለብሳል፣ ካርቶኑ የዘበኛ መቀመጫ ይሆናል። ከሁሉም አብልጣ የምትንቀው ግን ኮምፒውተር ባየ ቁጥር "ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው?" ብሎ የሚጠይቀውን ሰው ነው። ራሱ ስንተኛ ክፍል ላይ እንዳቋረጠ የምታውቀው እሷ ናት፤ የሥራ ማመልከቻውን የጻፈችለት እሷ ስለሆነች።

ከጭልጋ ወደ ቆላው የወረደችው በሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጥራ። ሰባት ዓመት ሙሉ የአለቆችን ደብዳቤ ስታርም ኖረች፤ እነሱም እርማቱን እንደ ስድብ ሲቆጥሩባት ኖሩ። አንድ ቀን አንዱ አለቃ ያረመችውን መልሶ አበላሽቶ "እንዲህ ነው የሚጻፈው" ሲላት፣ የጽሕፈት መኪናዋን በጨርቅ ሸፍና ወጣች። ከዚያ በኋላ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይታ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከፈተች። ክፍሏ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ነው፤ እሱም የሷ። ደንበኛ ቆሞ ያስጽፋል። መቀመጥ የፈለገ ሻይ ቤት ይሂድ፣ ባይ ናት።

ይህን ሁሉ ግልምጫ ሰው ችሎ ወደሷ የሚመጣው በምስጥ ምክንያት ነው። በቆላ ወረቀት አይበረክትም። ሣጥን ውስጥ ቢቆለፍበት፣ ጣሪያ ሥር ቢሰቀል፣ ምስጥ አንድ ክረምት ካገኘው ዱቄት ያደርገዋል። ሰርካለም ታዲያ የመሬት ኪራይ ውል ጽፋ፣ ሰዎቹ ፈርመው ጣታቸውን ካተሙ በኋላ፣ ወረቀቱን ስካን አድርጋ ኮምፒውተሯ ውስጥ ታስቀራለች። የአስራ አምስት ዓመት ውል እሷ ዘንድ አለ። ማን ለማን መሬቱን ለስንት ዓመት እንዳከራየ፣ ማን እንደሚዋሽ ታውቃለች። እንዲህ ያለ ነገር የሚያውቅ ሰው ሌላውን ቢንቅ ምን ይገርማል?

ያ ኮምፒውተር በግንቦት መጨረሻ ሞተ፤ ዝናብ ሊገባ ሲል፣ ቆላው ሁሉ በመሬት በሚካሰስበት ሰሞን። የሞተው ማሽኑ ነው። ውሎቹ ያሉበት ሃርድ ዲስክ ደህና ነበር። ዲስኩን አስፈትታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና አዲስ ማሽን ልትመርጥ ጌች ሱቅ ሄደች።

ጌች ጎንደር ተምሮ የተመለሰ፣ የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ነው። ከሰሊጥ መጋዘኑ አጠገብ ኮምፒውተር ይሸጣል። የመጽሐፍ ቅዱስ ውፍረት ያላትን አንዲት ጥቁር ሣጥን አውጥቶ አስቀመጠላት።

"ይቺ ናት? ምሳ ዕቃ አምጣ አልሁህ?"

"እትየ ሰርካለም፣ አሁን ሁሉ ነገር አንሷል። አስራ ሁለተኛ ጄኔሬሽን ናት፤ ፍጥነቷን ቢያዩ..."

ሳይጨርስ ሣጥኗን ብድግ አድርጋ መጋዘኑ ገባችና ሚዛን ላይ አኖረቻት። ሁለት ኪሎ እንኳ አልሞላችም። ጫኞቹ ጆንያቸውን ጥለው ሳቁ። በዚህ አገር ዕቃ የሚታመነው በሚዛን ነው፤ የሚቀል ሰሊጥ ፍሬው ያልሞላ ሰሊጥ ነው። ሰርካለምም በዕድሜዋ ከዚህ የተለየ ፍርድ አላየችም።

ተመልሳ ዲስኩን ከነጠላዋ ፈታች። መሰኪያው ሰፊ ነው፤ በሁለት ረድፍ የተተከሉ ቀጫጭን መርፌዎች አሉት።

"ይኸን የት ነው የምሰካው?"

"ይኸ ዓይነቱ መሰኪያ ከቀረ ቆይቷል። ከሱ በኋላ ስስ መሰኪያ መጣ፤ አሁን እሱም እየቀረ ነው። የዛሬዎቹ ዲስኮች እንደ ማስቲካ ቀጭን ናቸው፣ እቦርዱ ላይ ነው የሚጋደሙት። ግን ለዚህም እኮ..."

"ግን እያልህ አትለፍልፍብኝ! በየዓመቱ ቀዳዳ የሚቀያይር ዕቃ ዕቃ ነው? ትናንት አምጥተው ዛሬ ቀረ ይሉሃል፤ አንተም እነሱን አምነህ አስራ ሁለተኛ፣ አስራ ሦስተኛ እያልህ እንደ ቄስ ትቆጥራለህ። የኔን አስራ አምስት ዓመት የማያነብ ማሽን ለራስህ ይሁን።"

ጌች ሣጥኗን ወደ መደርደሪያው መለሳት። እሷም ነጠላዋን ቋጥራ ወጣች።

በማግስቱ በሚኒባስ መተማ ወረደች። ሳሊም የሚባል፣ ከድንበሩ ማዶ ከሱዳን የሚመጣ አሮጌ ዕቃ የሚነግድ ሰው አለ። እሱ ያሳያት ማሽን ወገብ የሚሰብር የብረት ሣጥን ነው፤ ሆዱ ሲከፈት ያ ሰፊው መሰኪያ ጥርሱን አግጦ ታየ። ሳሊም ጠባይዋን በአንድ እይታ ሳያውቀው አልቀረም። ራሱ ተሸክሞ ጎረቤት ሚዛን ላይ አወጣላት። አስራ ሦስት ኪሎ።

"ድሮ ብረት አይሰስቱም ነበር፣ ዋላሂ!" አለ።

ሰርካለም ገዛችው። አምጥታ ስታስገጥመው ዲስኩን አነበበ፤ ውሎቹ አንድ በአንድ ተደረደሩ። ያን ለት በጌች ሱቅ በር ሁለት ጊዜ አለፈች። አንድም ጉዳይ አልነበራትም። ከዚያም አቧራ እንዳይገባበት ብላ ከወፍራም ላስቲክ ልብስ ሰፋችለት፤ ከፊቱ በቀር የቀረውን ሁሉ እንደ ሙሽራ ሸፈነችው።

ዓርብ ዕለት ጋሽ ፈንቴ ከኮኪት መጡ። ስድሳ ያለፋቸው፣ አስር ሄክታር መሬት ያላቸው ሰው ናቸው። መሬቱን ደረበ ለሚባል ባለሀብት ለአምስት ዓመት አከራይተውት ነበር፤ ዘንድሮ አለቀ። ደረበ ግን "ውሉ የአስር ዓመት ነው" ብሎ ትራክተሩን ሊያስገባ ተዘጋጅቷል። የጋሽ ፈንቴን ወረቀት ምስጥ በልቶታል። ዳኛው "ሰኞ ውሉን ይዘህ ከቀረብህ ትራክተሩን አግድልሃለሁ" ብሏቸዋል። ዓርብ መብራት አልነበረም።

"ሰኞ ጠዋት ይምጡ፣ አትሜ አቆይዎታለሁ" አለቻቸው ሰርካለም። የሳቸውን ውል በደንብ ታስታውሰዋለች። አምስት ዓመት ነው።

ቅዳሜ መብራት መጣ። ሙቀቱ ድንጋይ ያፈርሳል። ስድስት ሰዓት ላይ፣ የጋሽ ፈንቴን ውል ገና ሳታትም፣ ከላስቲኩ ሥር የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፤ አስራ ሦስቱ ኪሎ አንድ ጊዜ አጓራና ጸጥ አለ። ላስቲኩን ስትገፍ ብረቱ ጣቷን ለበለባት። አየር ሊያወጣበት የሚገባውን በር ሁሉ በገዛ እጇ ሰፍታበት ኖሯል። ዲስኩን ነቅላ በእርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀመጠችው።

ጌች ሱቅ መቶ እርምጃ አይሞላም። አልሄደችም። ሳሊም ዘንድ ደወለች፤ "ነገ ከማዶ ሌላ ቦርድ ይመጣል" አላት። ሰኞ ጠዋት ጋሽ ፈንቴ መጡ፤ "ነገ" አለቻቸው። ማክሰኞም መጡ፤ "ነገ" አለቻቸው። እሳቸውም በዱላቸው ተደግፈው ቆመው ሰሙና ሄዱ። ረቡዕ ሲመጡ አልጠየቋትም።

"ትራክተሩ ትናንት ገባ፣ ልጀ። ዘርቶታል" አሉ፤ የሰው ወሬ የሚነግሯት ይመስል።

ሰርካለም ተነሥታ ዲስኩን በነጠላዋ ቋጥራ ጌች ሱቅ ገባች። ጌች ዲስኩን አይቶ ተነሣ። ከመሳቢያው የጣት ርዝመት ያላት፣ አንድ ጎኗ ሰፊ ሌላው ጎኗ ጠባብ የሆነች መቀየሪያ አወጣ። ዲስኩን ሰካባት፤ መቀየሪያዋን ደግሞ በዚያች ሁለት ኪሎ ባልሞላችው ሣጥን ላይ ሰካ። ሻይ ሳይፈላ የጋሽ ፈንቴ ውል ከነአውራ ጣታቸው ተከፈተ።

"ያን ለት 'ግን' ብለህ ነበር" አለች ሰርካለም።

"መቀየሪያ አለ፣ ከማሽኑ ጋር በነፃ እሰጥዎታለሁ ልልዎት ነበር።"

"ታዲያ ጮክ ብለህ አትናገርም ነበር!"

ከልማድ የወጣ ቁጣ ነው፤ ጉልበት አልነበረውም። ጌች ቢስቅባት፣ ቢሳለቅባት በወደደች። እሱ ግን ወረቀቱን አትሞ በሁለት እጁ ሰጣት።

ሐሙስ ጋሽ ፈንቴ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ውሉ እንዳለቀና መሬቱ ወደሳቸው እንደሚመለስ ተፈረደ። የተዘራው ግን ተዘርቷል፤ የዘንድሮው አዝመራ የደረበ ነው፤ መሬቱን የሚረከቡት ሰሊጡ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ከዚያ ሲወጡ በቀጥታ ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል መጡ።

"አንች ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር? መሬቴን ያስመለስሽልኝ አንች ነሽ፤ እግዜር ዕድሜሽን ያርዝመው። የዘንድሮውስ ምን ይደረግ፣ ዝናቡ ቀደመን።"

ሰርካለም ዝናቡ እንዳልሆነ ልትነግራቸው ፈለገች።

"ክረምቱን ምን ሊሠሩ ነው?" አለች።

"አረም እገባለሁ እንጂ! ደረበ ለአረም ሰው እየፈለገ ነው። መቼም ያን መሬት እንደኔ የሚያውቀው የለም" አሉና ሳቁ።

ሰርካለም ከወንበሯ ተነሥታ ለሳቸው ገፋችላቸው። ጋሽ ፈንቴ ወንበሩን አዩት፣ እሷንም አዩዋት።

"አይ፣ ተቀመጭ ልጀ። የኮኪት መኪና ያመልጠኛል" ብለው ወጡ።