ከጀርባው የተሣለ ቤት

ኮረብቴ ይሏታል፤ ስሙን ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ለልጆች ካርቱን በኮምፒውተር መልክዓ ምድር ትሥላለች። አንድ ሞላላ ቅርጽ ታወጣና አረንጓዴ ትሞላዋለች፣ ታችኛውን ግማሽ በሣር ትሸፍነዋለች፤ ኮረብታ ሆነ። ሦስት ክብ ደራርባ ታዋህድና ከሥር ግንድ ትሰካለች፤ ዛፍ ሆነ። ያንኑ ዛፍ ሃያ ጊዜ ቀድታ፣ የሩቁን አሳንሳና አደብዝዛ ስትበትነው ደን ይሆናል። ሰው አትሥልም፤ እሱ የሌሎች ድርሻ ነው።

የምትሠራው ቤቷ፣ መኝታ ክፍሉ ጥግ ባለ ጠረጴዛ ላይ ነው። ባሏ መካኒክ ነው። ውጭ ሲያዩት አንገቱን የደፋ፣ ሰላምታው ማር ነው፤ እቤት ሲገባ ግን እጁ ከአፉ ይቀድማል። ጎረቤት "ጨዋ" ይለዋል። እውነተኛ ስሙ ሌላ ነው፤ ይቅር።

ባለፈው ወር የካርቱኑ አዘጋጅ ስለ አንድ ሰማይ ቀለም ሊነግራት ደወለ። የወንድ ድምፅ ነው። ባሏ ስልኩን ከጆሮዋ ነጥቆ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠው፤ ቀጥሎ ቀኝ እጇን የጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ከቶ በጉልበቱ ዘጋው። ሁለት ጣቶቿ ተሰበሩ። ክሊኒክ የወሰዷት አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ ናቸው። ሐኪሙ "ምን ሆና ነው?" ቢላቸው ዓይናቸውን በጨው አጥበው "ደረጃ ላይ ወድቃ" አሉ። ቤታቸው ደረጃ የለውም።

በማግስቱ ብቻዋን ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። "ምስክር አለሽ?" አላት ፖሊሱ። ያየው ሰው አንድ ነው፤ እሱም የባሏ እናት። ተመልሳ መጣች።

በግራ እጇ ሥራዋን ቀጠለች። የእንዲህ ያለ ሥዕል ደግነቱ፣ እጅ ቢንቀጠቀጥም መስመሩ ላይ ያሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ እየጎተቱ ማቃናት ይቻላል። አማቷ ወንበር ስበው ከጎኗ መቀመጥ ጀመሩ። ጸጸት ይሁን ሥራ መፍታት፣ አልጠየቀቻቸውም።

"ሰዎቹስ የት አሉ?" አሉ አንድ ረፋድ።

"ሌሎች ናቸው የሚያስገቧቸው፣ እማማ።"

"ባያስገቧቸው ይሻላል። እንዲህ እንዳማረበት ይቅር።"

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ አማቷ ድሮ ተድረው የገቡበትን ቤት እንድትሥልላቸው ለመኗት። አራት ማዕዘን፣ ከላዩ ሦስት ማዕዘን ጣሪያ፣ አንዲት መስኮት። በሩን ከፊት ልታደርግ ስትል እጇን ያዙት።

"እሱን ተይው። ከኋላ አንዲት ትንሽ በር ነበረች፤ እሷን አድርጊልኝ።"

"ከኋላ ከሆነችማ አትታይም።"

"የልጄ አባት ዱላ ሲያነሳ በሷ ነበር የምወጣው። ልጁን አዝዬ።"

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የአማቷን ያወጣው አንድ አራት ማዕዘን ነው። ኮረብቴ ቤቱን ከጀርባው አድርጋ እንደገና ሣለችውና በሯን ቡናማ ቀባቻት።

ባልየው ለምሳ ሲገባ ምድጃው ቀዝቅዟል፣ ሁለቱ ሴቶች ላፕቶፑ ላይ አቀርቅረው ፈገግ ብለዋል። ዓይኑ ደም ለበሰ። ላፕቶፑን አንስቶ በጠርዙ ጆሮ ግንዷን መታት። ስትወድቅ በሥራ ጫማው ጎኗን ረገጣት፤ ደገማት፤ የተሰበረውን እጇን ፈልጎ ቆመበት። "ለማነው የምትስቂው?" ይላል በየመሃሉ። ደሟ ምንጣፉ ላይ ወረደ። ሊገላግሉ የገቡትን እናቱን በክርኑ ደረታቸውን ሲላቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ገበና ሲሸፍኑ የኖሩት ሴት ኡኡ አሉ። ጎረቤት በሩን ሰብሮ ገባ።

ፖሊስ ጣቢያ ሦስቱም አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ኮረብቴ ጆሮዋ ላይ ሻርፕ ይዛለች። ያው ፖሊስ ነው፤ ጥያቄውም ያው ነው፦ "ምስክር አለሽ?"

ባልየው ቀደማት። ድምፁ ማር ሆኗል። "እማዬ፣ ወድቃ ነው አይደል? ንገሪው።"

አማቷ ቀና ብለው ፖሊሱን አዩት።

"ልጄ ነው የመታት። ጣቶቿንም የሰበረ እሱ ነው፤ ለሐኪሙ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሱንም ጻፍ።"

"እማማ፣ የሚሉትን አስበውበታል?" አለ ፖሊሱ።

"ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ልንገርህ፣ ሳትሳሳት ጻፈው።"