እናቶቻችን የትምህርት ቤቱ በር ላይ የተቀመጡ ዕለት

ባለፈው ጥር የጎረቤቴ ልጅ ስትዳር ከአሰላ ዲክሲስ ድረስ ለሠርግ ሄጄ፣ እናትየዋ ለሙሽራዋ ሲንቄዋን ስታስጨብጣት አጠገባቸው ቆሜ ነበርና፣ ያ ቅቤ የጠጣ እንጨት ሽታ ድንገት አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሲንቄ የአርሲ ሴት በተዳረች ቀን ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን ቀጥ ያለች ዘንግ ናት፤ መደገፊያም መምቻም አይደለችም፣ ክብሯ ናት። አንዲት ሴት ስትበደል የሰፈሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ አንዴ ከተቀመጡ ደግሞ በደሉ እስኪካስ ድረስ የፈለገው ጀግና ቢሆን አልፏቸው አይሄድም። ወጣቶቹ ሁሉን በስልካቸው ሲቀርጹ እኔ ጸጉሬ የሸበተው ሴትዮ በአንዴ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆንኩና፣ ከሳጉሬ በላይ ያለችው ጭጋጋም ከተማችን ውስጥ፣ እግሬን ጭቃ ውጦት ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

ዘመኑ የደርግ ነው። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ለፖለቲካ ትምህርት ተጠርተው ሄደው በዚያው ሲቀሩ፣ ወንበራቸው «ለጊዜው» ተብሎ ለእትዬ ተዋበች ተሰጠ። እትዬ ተዋበች ከጎንደር ተመድበው የመጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ቁመታቸው ከስድስተኛ ክፍል ልጅ ብዙም አይበልጥ፣ ድምፃቸው ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንኳ የኋለኛው ወንበር ድረስ ይደርሳል። በተቀመጡ በሳምንቱ፣ ከጥንት ጀምሮ ሴቶች ብቻ ይጠርጉት የነበረውን ክፍል ወንዶቹም በተራ እንዲጠርጉ አዘዙ። ወይ ጉድ! መጥረጊያ እንደ እባብ የሚፈራ ነገር መሆኑን ያየሁት ያን ቀን ነው። በወሩ ጓደኛዬን ቢፍቱን የክፍል አለቃ አደረጓት፤ ቢፍቱም ሹመቱን እንደ ተወለደችበት ያዘችው፣ ክፍል ውስጥ ሳወራ እኔን እንኳ አልማረችኝም።

ስድስተኛ ክፍል ላይ የደረስነው ሴቶች አምስት ነበርን፣ ከእኛ በፊት ደግሞ ከዚያች ከተማ አንዲትም ሴት ለብሔራዊ ፈተና ተቀምጣ አታውቅም። ፈተናው የሚሰጠው ግማሽ ቀን በእግር ርቃ ባለችው ሳጉሬ ነው፤ ሁለት ቀን ስለሚፈጅ ማደር አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በዚያው መንገድ ላይ አንዲት ልጅ ተጠልፋ ነበርና አባቶቻችን የፈሩት እንዲያው በከንቱ አልነበረም፤ ይህን ዛሬ እረዳለሁ፣ ያኔ ግን ለመረዳት ጊዜም ትዕግሥትም አልነበረኝም። እትዬ ተዋበች «እኔ ራሴ አብሬያቸው ሄጄ፣ አብሬያቸው አድሬ፣ እመልሳቸዋለሁ» ቢሉም የወላጅ ኮሚቴው አሻፈረኝ አለ። የኮሚቴው አባል የሆነው እህል ነጋዴው አባቴ ማታ ራት ላይ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ይህን ተረት የተረተውን ሰው ባገኘው ኖሮ ያለ ምንም ርኅራኄ አንበረክከው ነበር! የመፈተኛ ካርዶቻችንን የኮሚቴው ሊቀመንበር ጋሽ ቱፋ ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቷቸው። ካልተፈተንን እኔን የአባቴ እህል መጋዘን ይጠብቀኛል፤ ቢፍቱን ደግሞ ሽማግሌ የላከባት፣ ጥርሱ ግማሽ የረገፈ ባለ ብዙ ከብት ሰው።

ከፈተናው ሁለት ቀን ሲቀር እትዬ ተዋበች፣ ቢፍቱንና እኔን አስከትለው፣ የቢፍቱ እናት አዴ ዲንሴ ቤት ሄዱ። የሄዱት ይቅርታ ሊጠይቁ ነው፤ «ልጅሽን አደርሳታለሁ ብዬ ቃሌን በላሁ» ሊሉ። ኦሮምኛቸው ከአሥር ቃል ስለማይበልጥ ቢፍቱ ታስተረጉም ነበር፣ መሃል ላይ ግን እሷም እሳቸውም ማልቀስ ስለ ጀመሩ ማስተርጎሙ ቀረ። አዴ ዲንሴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙና «አንቺ ለልጆቻችን እናት ሆነሻል። እናት ስትበደል ቁጭ ብለን አናይም፤ ሂጂ፣ ልብሳቸውን አዘጋጂ» አሉ፤ ቢፍቱም እንባዋን ጠርጋ አስተረጎመችላቸው። እትዬ ተዋበች ነገሩ አልገባቸውም፤ ለማጽናናት የተባለ መስሏቸው አመስግነው ወጡ።

በማግሥቱ ጠዋት ግን ያ ሁሉ ሴት ከጭጋጉ ውስጥ ይወጣ ጀመር፤ ከላይ ሰፈር፣ ከወንዙ ማዶ፣ ሲንቄና እርጥብ ሣር የያዙ ሴቶች። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ደርሰው፣ ካፊያውን ከመጤፍ ሳይቆጥሩት፣ ሣሩ ላይ ቁጭ ቁጭ አሉ። ያን ዕለት ከአውራጃ የመጣ ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበ ወጣት ካድሬ እዚያ ነበር፤ ሕዝብ የተሰበሰበው ለእሱ መስሎት ደስ አለውና፣ ግራ እጁን ወደ ሰማይ ሰቅሎ «የሴቶች መሪነት ይጎልብት!» ብሎ ጮኸ። ማንም አልተከተለውም። ደግሞ ጮኸ። አንዲት አሮጊት አሳዝኗቸው ነው መሰለኝ «ተቀመጥ ልጄ» አሉት።

ይሄኔ ጋሽ ቱፋ በፈረሳቸው ብቅ አሉ። ሴቶቹን ሲያዩ ልጓሙን ያዝ አደረጉና ወረዱ፣ ባርኔጣቸውንም አወለቁ። «ጓድ፣ እባክህ እጅህን አውርድ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ይሄ ያንተ ሰልፍ አይደለም። እኔን ነው የያዙኝ።»

እናቴ ሰፋሪ ከነበሩት ከሸዋ አማሮች ወገን ናትና ሲንቄ የላትም። ወደ በሩ ስትመጣ ያየኋት ማማሰያ ይዛ ነው፤ የትናንት ሽሮ ጫፉ ላይ ደርቋል። አባቴ ከኮሚቴዎቹ መሃል «በስመ አብ! የኔዋ ደግሞ ምን ልታማስል ነው?» አለ፣ ሰውም ሳቀ። እናቴ ቀልታ ልትመለስ ስትል አዴ ዲንሴ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላትና እጇን ይዘው አስቀመጧት። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። እኔ ግን ያን ዕለት እናቴን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራኋት፣ ኮራሁባትም።

አዴ ዲንሴ ጥያቄያቸውን ተናገሩ፦ ካርዶቹ ይመለሱ፣ እትዬ ተዋበችም «ለጊዜው» መባሉ ቀርቶላቸው ዳይሬክተር ይሁኑ። ካርዶቹ ከካፖርቱ ኪስ ሳይውሉ ሳያድሩ ወጡ። ሁለተኛው ግን የአውራጃው ሥልጣን ነው ቢባሉ ሴቶቹ ንቅንቅ አላሉም። አዴ ዲንሴ ወደ ካድሬው ጠቁመው «ያ ልጅ ቅድም የጮኸው ምንድን ነው?» ሲሉ ተተረጎመላቸው። ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ደህና ነገር ነው የጮኸው። ይጻፈው» አሉ። ምስኪን ምን ያድርግ፤ ከራሱ አፍ የወጣ ነው! እዚያው በሩ ላይ፣ ኮርቻ ላይ ተደግፎ፣ እትዬ ተዋበች ዳይሬክተር ይሁኑ ብሎ ለአውራጃው ጻፈው፣ ጋሽ ቱፋም ማኅተማቸውን አስመጥተው መቱበት። ሹመቱ መስከረም ላይ ጸደቀ።

በዚያው ቀን ከእትዬ ተዋበች ጋር ሳጉሬ ገባን። አባቴ ከኋላችን በርቀት አህያ እየነዳ ተከተለን፤ ሲጠየቅ «የገብስ ዋጋ ላጣራ ነው» ይላል፣ የሳጉሬ ገበያ ግን የዋለው ከሦስት ቀን በፊት ነው። ሁለቱንም ቀን የፈተናው አጥር ላይ ተደግፎ ዝናብ ሲመታው ዋለ። አምስታችንም አለፍን! አባቴም ውጤቱን ባገኘው ሰው ሁሉ ፊት እያወራ «በኔ ወጥታ ነው» ይል ጀመር፤ እናቴም ሰምታ እንዳልሰማ ታልፈዋለች።

እኔ አስተማሪ፣ ኋላም ዳይሬክተር ሆንኩ፤ ቢፍቱ ነርስ ሆና ስንቱን አዋለደች። ዛሬ ሴት ዳይሬክተር ስትሾም ማንንም አይገርምም፣ እሰይ፣ እንዲያ ነው መሆን ያለበት። እትዬ ተዋበች ግን ጎንደር ተመልሰው እዚያው ማረፋቸውን ሰማን፤ አባቴም እናቴም የሉም፤ በዚያ ካፊያ ውስጥ ከተቀመጡት እናቶች አንድ በአንድ ስቆጥር የቀሩን አዴ ዲንሴ ብቻ ናቸው። ለአምስት ልጅ ያ ሁሉ እናት የወጣበት ቀን ዳግመኛ አላየሁም፣ ይናፍቀኛል፣ ምን ልዋሽ።

አዴ ዲንሴ ከዘጠና ዘለዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ የድሮውና የዘንድሮው ተደባልቆባቸዋል። ቢፍቱና እኔ ስንጠይቃቸው ፊታችንን በመዳፋቸው ይዳስሱና «ፈተናው እንዴት ሆነ?» ይሉናል። መጀመሪያ ጊዜ ቢፍቱ «እማ፣ እኛ እኮ ጡረታ ወጣን» ልትላቸው ስትል ክርኗን ጎሸም አደረግኋት። አሁን በሄድን ቁጥር ይጠይቁናል፣ እኛም በሄድን ቁጥር «አልፈናል አዴ፣ አምስታችንም» እንላቸዋለን። ያኔ በዚያ በደከመ ድምፃቸው እልልታቸውን ያቀልጡታል፤ የጎረቤት ሴቶች ምን ተገኘ ብለው እየሮጡ ሲገቡም «ልጆቼ አለፉ!» ይሏቸዋል።