የታከለ የቀን እንቅልፍ

ልጅ እያለሁ ሕፃን በማስተኛት ስሜ የተጠራ ነበር። ጎንደር፣ ከአራዳ ቁልቁል በነበረው ሰፈራችን፣ «የቄሱ ልጅ እጇ ላይ እንቅልፍ አለ» ይሉኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ይህን ስሰማ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር፣ እፍረት የለኝ! ሰሞኑን ልጄ የአራት ወር ልጇን ታቅፋ መጣችና፣ «እማዬ፣ ቀን ላይ ግማሽ ሰዓት እንኳ አትተኛልኝም። አጎቴ ታከለ 'እናትሽን ጠይቂያት፣ እሷ ታውቅበታለች' አለኝ። ምን ነበር የምታደርጊው?» አለችኝ። ፊቴ ጋለ። «እሹሩሩ ነዋ፣ ሌላ ምን አለ» አልኳትና ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። ጓዳ ውስጥ ምንም ሥራ አልነበረኝም።

ታከለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እናቴ ከእኔ በኋላ ሁለት ልጆች ቀብራ ነበርና፣ እሱ ሲወለድ በዓይኗ የምትጠብቀው፣ በእጇ የምትጠብቀው ሆነ። ከትምህርት ቤት መልስ እሱን ማስተኛት የኔ ሥራ ነበር። እናንተ የኔ ዘመን ሰዎች የአንቀልባን ሽታ መቼም አትረሱትም፤ ቆዳ፣ የቆየ ቅቤ፣ ኮምጠጥ ያለ ወተት። ጀርባዬ ላይ ሳለ ሸጋ አድርጎ ይተኛል። መደቡ ላይ ላሳርፈው ጎንበስ ስል ግን ዓይኑ ቦግ! ልክ አድብቶ ይጠብቀኝ እንደነበር።

እናቴ ግን ታውቅበት ነበር። ለብ ባለ ውኃ ታጥበዋለች፤ እርግብግቢቱ ላይ ቅቤ ጣል ታደርግለታለች፤ ከሁለቱም ጡቶቿ አጥብታ በነጠላ ጥቅልል አድርጋ ታስተኛዋለች። ከዚያ መዳፏን ደረቱ ላይ ታሳርፍና ዝም ብላ ትቀመጣለች። ለእኔም ያስተማረችኝ ይህንኑ ነው። «እጅሽን ቶሎ አታንሺ» ትለኝ ነበር፤ «ሲነቃነቅም አታንሺ፤ ትንፋሹ እስኪከብድ ጠብቂው፤ ያን ጊዜ ረዥም ይተኛልሻል።» ነገሩ ይኸው ብቻ ነበር። ትዕግሥት ግን ከየት ይምጣ? ከአጥራችን ጀርባ ወይራው ሥር እነ ብርቄ ቅልሞሽ ይጫወታሉ። ጠጠሩ መሬት ላይ ቀጭ ሲል እዚያው መደቡ ድረስ ይሰማኛል። ብርቄ ደግሞ «አንቺማ ሞግዚት ሆነሻል» እያለች በአጥሩ ቀዳዳ ምላሷን ታወጣብኛለች።

አባቴ ቄስ ስለነበር የሚካኤል ማኅበር በየተራው እኛም ቤት ይወጣ ነበር፤ ጓዳችን የጠጅ ገንቦ አይጠፋበትም። የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃው ማለት ነው፣ አያ ካሴ የሚባሉ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ቀልደኛ ሰው። አንድ ቀን ጠጅ ቀምሰው ከንፈራቸውን እየጠረጉ፣ «ይኼ የናንተ ቤት ጠጅ እኮ ሕፃን ያስተኛል!» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ነገሩን ያዝሁት።

በማግሥቱ ከእናቴ የጥጥ ሙዳይ ቁራጭ ጥጥ ወሰድሁ። ጓዳ ገብቼ ጠጅ ውስጥ ነከርሁና ለታከለ አፉ ውስጥ አደረግሁለት። መጀመሪያ ፊቱን አጨማደደ፤ ኋላ ማር ማር ሲለው ጊዜ ጠባው። የምር ተኛ! እኔ ወይራው ሥር ወጥቼ ብርቄን ሁለት ጊዜ አሸንፌ ስመለስ እንኳ አልነቃም ነበር። አፉን በውኃ ጠረግሁለት፤ ተንኮሌን እዩልኝ። እናቴ ፈትሏን ስትጨርስ መጥታ አየችውና፣ «ምነው ዛሬስ እንዲህ አድርገሽ አስተኛሽልኝ! እጅሽ ይባረክ፣ የኔ ልጅ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። እናቴ ብዙ የምትስም ሰው አልነበረችም። ያ መሳም ነው መሰለኝ ከቅልሞሹም ይልቅ ያበላሸኝ። ከዚያ ወዲያ በሳምንት አንዴም ሁለቴም ማድረግ ጀመርሁ። የጎረቤት ሴቶች «ምን ብለሽ ነው እንዲህ የምታስተኚው?» ሲሉኝ፣ «እሹሩሩ ብቻ» እላለሁ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ።

አሁን ስለ ትርንጎ ልንገራችሁ። ትርንጎ ሸክላ ሠሪ ናት። ከቀሃ ወንዝ ማዶ ማድጋና ገንቦ በጀርባዋ አዝላ ትመጣለች። ሰፈሩ በሙሉ በእሷ ሸክላ ይጠጣል፣ በእሷ ሸክላ ይበላል፤ እሷ ብቅ ስትል ግን እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ሸክላ ስለምትሠራ ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ሰው ይበላል ይባል ነበር። እንዲህ ነበርን፤ ምን ልበላችሁ! እኔ ግን እወዳት ነበር። አንድ ጊዜ ማንም ሳያይ የጡጫዬን የምታህል ገንቦ ከጉያዋ አውጥታ፣ «ያንቺ ናት፣ ተጫወቺባት» ብላ ሰጥታኝ ነበር።

ማኅበሩ እኛ ቤት የወጣ ዕለት እናቴ ከጧት ጀምራ ስትሯሯጥ ዋለች። «ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል፤ አደራሽን በደንብ አስተኚልኝ» አለችኝ። በደንብ አልሁ። ጥጡን አንዴ ነክሬ ሰጠሁት፤ ደገምሁለት፤ ሠለስሁለት። ከገንቦው ሥር የቀረውና የበረታው ጠጅ መሆኑን የት አውቄ! እንግዶች ገብተው ወዲያ ወዲህ ሲባል ትርንጎ የታዘዘችውን ማድጋ አምጥታ ደጃፉ ላይ አወረደች። ታከለ መደቡ ላይ ፊቱ ሳይሸፈን ተኝቷል፤ መሸፈን የነበረብኝ እኔ ነኝ። ትርንጎ አየችውና፣ «ኧረ ሸጋ ልጅ! እንዴት ያለ እንቅልፍ ነው የተኛው!» ብላ ፈገግ አለች። ይህን ብላ ወጣች። እናቴ ከጓዳ በር ላይ ሆና ሰምታለች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

ቆይቶ እናቴ ጡቷ ወተት ሞልቶ ቀሚሷን ሲያርሰው ልታጠባው ሄደች። አነሣችው፤ ራሱ ወደ ኋላ ወደቀ። ጠራችው፤ ጉንጩን መታ መታ አደረገችው፤ ዓይኑን አይገልጥም። ያ የእናቴ ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። «በላችብኝ! ልጄን በላችብኝ!» ማኅበርተኛው ብድግ አለ። አንዷ ነጭ ሽንኩርት አፍንጫው ላይ ትይዛለች፣ አንዷ ጤና አዳም ታሽለታለች፣ አባቴ ዳዊት ይደግማል። አያ ካሴ ሁለት ጎልማሶች አስከትለው ሮጡ። ትርንጎን ቀሃን ሳትሻገር ደረሱባትና በነጠላዋ እየጎተቱ አመጧት።

እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ጥጡ መቀነቴ ውስጥ ነው። እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ። እናቴ ሁለት ቀብራ፣ ሦስተኛውን የገዛ ልጄ ገደለችብኝ ስትል ታየኝ። ይህም ብቻ አይደለም፣ ዛሬ ምን እደብቃለሁ፤ «እጅሽ ይባረክ» የተባልሁበትን ስም ማጣትም ፈራሁ። ልጁ እየሞተ!

«እንትፍ በይበት! ልቀቂው!» አሏት። «እኔ ምን አደረግሁት፣ ጌቶቼ?» አለች ትርንጎ። አንገቷን ይዘው ወደ ታከለ ደፏት። አፏ አፉ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለች። ደግማ አሸተተች። ቤቱ በሙሉ ጠጅ ጠጅ ይሸታል፤ ለዚህ ነው እናቴ ያላወቀችው። ትርንጎ ግን የሕፃኑን ትንፋሽ ከቅርብ አገኘችው። ቀና ብላ ዞር ዞር ስትል ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ፤ ከዚያም ከመቀነቴ ብቅ ያለው ጥጥ ላይ። አወቀች። ይኼኔ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልሁ።

ምንም አላለችም። እንዳዘዟት እንትፍ አለችበት። ከዚያ ለእናቴ ቀስ ብላ፣ «እመቤቴ፣ አታስተኚው። ደረትሽ ላይ ቀጥ አድርገሽ ያዥው። ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ አርሽው፤ እግሩን እሽው፤ እንዲተኛ አትተዪው» አለቻት። እናቴ እያለቀሰች ያለቻትን አደረገች። እኔ እንጃ ምን ያህል ቆየ፤ ለእኔ ዓመት ነው። ድንገት ታከለ አስመለሰውና እሪ ብሎ አለቀሰ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። «ለቀቀችው! ለቀቀችው!»

ያዳነችበት ነገር ማስረጃ ሆነባት። ባትበላው ኖሮ እንዴት ትለቀዋለች? አያ ካሴ ያመጣችውን ማድጋ በእግራቸው ሰባብረው፣ «ሁለተኛ እዚህ ሰፈር ብትረግጪ ወዮልሽ!» ብለው ከግቢ አስወጧት። ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች። ለእኔ አዝና ዝም አለች? ወይስ ብትናገርም የሚያምናት እንደሌለ አውቃ? እስከ ዛሬ አላውቅም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም፣ የሚብሰው ገና ነው። ከዚያ ወዲህ ከሰፈራችን የሚገዛት ጠፋ። አንድ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ገበያ ወርደን ጥግ ላይ ተቀምጣ አየናት። ሰው ሸክላዋን እየሸሸ በሩቁ ይዞራል። ስናልፍ ቀና አለችና በዝግታ፣ «ሕፃኑ ደህና ነው?» አለች። እናቴ መሬት ላይ ምራቋን ጢቅ አደረገች። ትርንጎ እኔን አየችኝ። እኔም ጢቅ አደረግሁ። በዘጠኝ ዓመቴ፣ እያወቅሁ። ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ይህችን ግን አልተናዘዝኋትም። ከዚያ በኋላ ትርንጎን ገበያ አላየኋትም።

ታከለ ዛሬ ሽበታም ነው። ድግስ ባለበት ሁሉ፣ «እኔ እኮ ቡዳ በልታ የተፋችኝ ልጅ ነኝ!» እያለ ያስቃል፤ ከእናቴ የሰማውን፣ የትርንጎን ስም ሳይቀር። ባለፈው ወር የልጅ ልጄ ክርስትና ላይም አወራው። ሰው ሳቀ። አብሬ ሳቅሁ።

ዛሬ ሕፃን የሚተኛበት ክፍል መጋረጃ አለው፤ ልጄ ከስልኳ የዝናብ ድምፅ ትከፍትላታለች፤ ስንት ደቂቃ እንደተኛች ትመዘግባለች። ይሁን፣ ዘመኑ ነው። እኛ ግን ያኔም ቢሆን የሚበጀውን አላጣነውም ነበር፤ እናቴ አስተምራኝ ነበር። ከጓዳ ወጣሁና ሕፃኗን ተቀበልኋት። አጠብኋት፣ ጠቀለልኋት፣ መዳፌን ደረቷ ላይ አሳረፍሁ። ተነቃነቀች፤ አላነሣሁም። ትንፋሿ ከበደ፤ አሁንም አላነሣሁም። እጄ እዚያው እንዳለ ለልጄ ሁሉንም ነገርኋት። ልጄ፣ «አጎቴስ ያውቃል?» አለችኝ።

አያውቅም። እሑድ ይመጣል። ምላሴ እንደዚያን ቀን እንዳይከዳኝ ብዬ ነው ይህን ቀድሜ የጻፍሁት። ታከለ፣ ወንድሜ፣ ትርንጎ አልበላችህም። ያስተኛሁህ እኔ ነኝ፤ ያነቃችህ እሷ ናት።