ለፈተና የተጠበቀች ጥርስ

የጥርስ ሕክምና ተማሪው ሐኪም ለመባል አንድ ፈተና ነበር የቀረው። ቤተሰቡ ግን ቸኩሎ «ዶክተር» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ዶክተርም ሹመቱን አላሳፈረም፤ የሚያናግረውን ሰው ዓይን ማየት ትቶ አፍ አፉን ያያል። እናቱ ስትስቅ ድዷን ይመረምራል። እህቱማ እሱ ባለበት መሳቅ ካቆመች ሰነበተች።

የመጨረሻው ፈተና ደንብ አጭር ነው፤ ተማሪው በሽተኛውን ራሱ ያመጣል። የሚሞላው ጥርስ የተቦረቦረ፣ ቡርቦራው ግን ነርቭ ጋ ያልደረሰ መሆን አለበት። ዶክተር ዘመድ አዝማዱን ሁሉ አፍ አስከፍቶ ሲያበቃ፣ ለማዕረጉ የምትበቃውን ጥርስ በሹፌር አጎቱ አፍ ውስጥ አገኛት። ከደስታው ብዛት አጎቱን ግንባሩን ሳመው።

«ምነው፣ ደህና ነች?» አለ አጎቱ ደንግጦ።

«ድንቅ ነች ጋሼ! እስከ ፈተናው ማንም እንዳይነካት።»

ፈተናው ገና ወራት ይቀሩታል። ጥርስ ከመበስበስ ሊያድን የተማረው ልጅ የበሰበሰች ጥርስ ዘበኛ ሆኖ ቁጭ አለ። እየደወለ የአጎቱን ሳይሆን የጥርሷን ደህንነት ይጠይቃል። አጎትየው «ቀዝቃዛ ውኃ ስጠጣ ትወጋኛለች» ቢለው፣ ዶክተር የዓመታት ትምህርቱን በአንድ ቃል አፈሰሰለት፦

«በሌላው በኩል ጠጣ!»

የፈተናው ቀን አጎት ከረባት አስሮ፣ እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ ወንበሩ ላይ ተጋደመ። መምህርቷ በትንሿ መስታወት አዩ፤ ራጁን ወደ መብራቱ አነሡ።

«ይቺ እኮ ነርቭ ጋ ደርሳለች። መጀመሪያ ያየሃት መቼ ነው?»

ዶክተርን ላብ አጠመቀው። «ዛሬ» ቢል ሌላ በሽተኛ ፈልግ ተብሎ ይተርፋል። አጎቱ አፉን እንደከፈተ ዓይኑን ያቁለጨልጭበታል።

«ከወራት በፊት ነው» አለ ተማሪው። «ያኔ ትንሽ ነበረች።»

«ታዲያ ለምን አልሞላሃትም?»

«ለፈተናው... ላስቀምጣት ብዬ።»

«እንደ እንግዳ ብርጭቆ?» አሉ መምህርቷ። «በል፣ ወድቀሃል። አሁን ማደንዘዣውን አምጣ፤ ነርቩን እያሳየሁህ ታክማለህ።»

ጓደኞቹ እየተጨባበጡ ሲወጡ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ማርክ የማይሰጥበትን የጥርስ ሥር ሲጠርግ ዋለ።

በመጨረሻ አጎቱ ግማሽ ከንፈሩ እንደደነዘዘ ተነሣ። «በእኔ ጥርስ ወደቅህ አይደል? አይዞህ። የአክስትህም አንዱ ጥርሷ መቦርቦር ጀምሯል። ለድጋሚው ፈተና እንዳትነካው ልንገራት?»

«ኧረ ዛሬውኑ ይዘሃት ና!» አለ ዶክተር፤ ጓንቱን ሳያወልቅ ለአክስቱ ባዶ የሕክምና ወንበር ሊለምን ሮጠ።