ፍየሏ የት ሄዳ አለቀሰች

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። ቦሌ ሚካኤል ከአባቴ የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ባለችው ቤታችን ውስጥ ራዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮህ ነበርና፣ መብራት ሲሄድ እሱም ዝም ይላል። ራዲዮውን ማንም አያዳምጠውም። የሚከፈተው የቤቱ ወሬ ወደ ውጭ እንዳይሰማ ነበር፤ ያኔ ግን ይህን አላውቅም፣ በየሰው ቤት እንዲሁ የሚደረግ ይመስለኝ ነበር።

አያቴ፣ አባባ ነበር የምንላቸው፣ ከሥራ ቤቱ የተራረፈ የእንጨት ቁርጥራጭ ምድጃው ላይ ይጨምሩና ፋኖሱን ዝቅ ያደርጉታል። ቫርኒሽ ቫርኒሽ የሚለው ጭስ ዓይናችንን ያቃጥለናል። ከዚያ መስኮቱን ዘግተው፣ መዘጋቱን ገፋ አድርገው አይተው፣ በሹክሹክታ ተረት ይጀምራሉ። የጓደኞቼ አያቶች ተረት ሲያወሩ ድምፃቸው ከጎረቤት ይሰማል። የእኛን አያት ለመስማት ግን ጉልበታቸው ሥር ተኮልኩለን ትንፋሻችንን መዋጥ ነበረብን።

ከተረቶቻቸው ሁሉ አንዱ ያበግነኝ ነበር። በአንድ አገር ጅብ ነገሠ። የፍየሏን ግልገል ከደጃፏ ወስዶ በላው፤ በልቶም ሲጨርስ ለዚህ ግልገል ሲያለቅስ የተገኘ እሱም ይበላል ብሎ አዋጅ አስነገረ። አባባ እዚህ ሲደርሱ ፍሙን መቆስቆስ ይጀምራሉ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ፍየሏ ዝም አለች።»

«ዝም ብላ ቀረች?»

«ዝም አለች አልኩሽ እኮ፣ እናቴ።»

«ምን ዓይነት ተረት ነው! ቢያንስ በቀንዷ አትወጋውም?»

ጥግ ላይ የተቀመጠው አባቴ ይሄኔ «በቃ፣ እራት ይቅረብ» ይላል። ከትምህርት ቤት እየተዋስኩ በማነባቸው መጻሕፍት ውስጥ የክፉ ንጉሥ መጨረሻ አያምርም፤ ስለዚህ አባባ መጨረሻውን ረስተውታል ብዬ ደመደምኩ።

ሌላም የሚያሳፍረኝ ነገር ነበር። የእድር ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር አባባ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ይወጣሉ። የሚያውቁት ሰው ይሙት፣ የማያውቁት ይሙት፣ ለቅሶ አይቀሩም። ሄደውም ጥግ ይዘው አይቀመጡም፤ ከሟች ልጆች ይልቅ እሳቸው ያለቅሳሉ። የሰፈር ልጆች በአጠገቤ ሲያልፉ «ያንቺ አያት የአዲስ አበባ ሕዝብ ሁሉ ዘመዳቸው ነው እንዴ?» ይሉኛል። ደብተሬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ወደ ቤት እሮጣለሁ።

አንድ ቀን ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው እትዬ ጥሩነሽ ሞተች። የአባባ ጉልበት ደክሞ ስለነበር ክንዳቸውን ይዤ እኔ ወሰድኳቸው። ድንኳኑ ውስጥ እንደገቡ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ጥሩነሽ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ያ በሹክሹክታ የማውቀው ድምፅ ድንኳኑን ሞላው።

«መስፍንዬ! ደጄ ላይ የተጣልክ! ሣጥን ያልሠራሁልህ!»

ለሰፈሩ ሰው ሁሉ የሬሳ ሣጥን የሠሩ አናጢ ነበሩ። መስፍን የሚባል ሰው ግን በቤታችን የለም፤ ስሙ ተጠርቶ፣ ፎቶው ተሰቅሎ አያውቅም። ዙሪያዬን ባይ ማንም አልተገረመም። አጠገቤ የነበሩ አንዲት ሴትዮ እጄን ያዝ አድርገው «ተያቸው ልጄ፣ ይውጣላቸው» አሉኝ።

ስንመለስ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር «አባባ፣ መስፍን ማነው?» አልኳቸው።

ቆሙ። ወደፊት አዩ፣ ወደኋላ አዩ። ቀን ነው፣ አንድ ጋሪ ገፊ ካልሆነ በቀር መንገዱ ላይ ሰው የለም።

«የአባትሽ ታላቅ ወንድም ነው» አሉ። ተማሪ እንደነበር፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት እንደወሰዱት፣ ጠዋት በራፋችን ላይ ተጥሎ እንዳገኙት ነገሩኝ። የቀበሌ ጥበቃዎች ጠመንጃ ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ያለቀሰ አጠገቡ ይተኛል አሏቸው። ድንኳን የለም፣ አፅናኝ የለም። ጎረቤት በራፋቸውን አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። አባቴ ገና ሕፃን ነበርና ሊጮህ ሲል ሴት አያቴ አፉን በመዳፏ አፈነችው።

«ከዚያ አንድ ጎረቤታችን በበሽታ ሞቱ። በበሽታ ለሞተ ማልቀስ አልተከለከለም። ሰፈሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ እዚያ ድንኳን ገባ፤ ሁሉም የየራሱን አለቀሰ። ጥበቃዎቹ ምን ያድርጉ?» ክንዴን ጨበጥ አደረጉት። «ፍየሏ ምን አደረገች ትይኝ አልነበር? የበጓ ግልገል ታሞ ሲሞት እዚያ ሄዳ አለቀሰች።»

ማዘን ሲገባኝ ተናደድኩ። እኔ ከመወለዴ በፊት ወድቆ ያለቀ መንግሥት ነው!

«አሁን ማን ከለከለዎት ታዲያ? ለምን በቤታችን አያለቅሱለትም?»

«እንደማይከለክሉን በምን አውቃለሁ፣ እናቴ?» አሉኝ።

ያን ቀን ማታ መብራት ነበረ፤ ራዲዮውም ይጮህ ነበር። ከዚያ ወዲያ ድምፁን ሰምቼ ሳልናደድ የቀረሁበት ቀን የለም።

ኋላ የእንጨት ሥራ ቤቱ ፈርሶ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገባን። አባባ ያረፉት እዚያ ነው፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ። ድንኳኑ በሁለት ብሎኮች መሃል ተተከለ። ከቦሌ ሚካኤል ያ ሁሉ አባባ ለቅሶ የደረሱለት ሕዝብ በሚኒባስ መጣ። እያንዳንዱ አባባን ሲጠራ ሰማሁ። አንድም ሰው መስፍንን አልጠራም፤ በገዛ ቤተሰቡ ድንኳን እንኳ ስሙ ሊታለፍ ነው።

እኔ ክፍል ውስጥ ስሜን ለመናገር የምንቀጠቀጥ ሰው ነኝ። ዓይን አፋር ናት ይሉኛል። ስወለድ እንዲህ የሆንኩ ይመስላቸዋል፤ በተዘጋ መስኮት ሥር እንዳደግኩ ማን ይንገራቸው? ያን ቀን ግን ተነሳሁ።

«መስፍን!» አልኩ። ድምፄ ተሰነጠቀ። «መስፍን፣ አጎቴ! አባትህ ዛሬ መጡልህ!»

አባቴ ከአግዳሚው ተነሳ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ በአጠገቤ አልፎ ሄደና ወደ መንገዱ በኩል የተጠቀለለውን የድንኳኑን ሸራ ፈትቶ ለቀቀው። ውጭ ጠመንጃ የያዘ የለም። ኳስ የሚጫወቱ ልጆችና ውሃ ለመቅዳት የተሰለፉ ጀሪካኖች ብቻ ነበሩ።

ሄጄ ሸራውን መልሼ ጠቀለልኩት።

«ሰው ይሰማል» አለኝ።

«ይስማ!»

ከዚያ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለና ወንድሙን አለቀሰ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ። አፉን ግን በገዛ መዳፉ አፍኖ ነበር። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ እንጂ ድምፁን አልሰማሁም።

አሁን ቦሌ ካፌ ውስጥ መጽሐፌን ይዤ ስቀመጥ አንዳንዴ ከጎኔ ያሉ ሰዎች የያኔውን መንግሥት ሲያወድሱ እሰማለሁ። «ቢያንስ ያኔ ሥርዓት ነበረ» ይላሉ ማኪያቶአቸውን እያማሰሉ፣ ጮክ ብለው፣ ማንንም ሳይፈሩ። መጽሐፉን እዘጋለሁ።

ልክ ናቸው፣ ሥርዓት ነበረ። አባቴ እስከ ዛሬ ያከብረዋል፤ ትናንት ማታ እንኳ የወንድሙን ስም ሳነሳበት መጀመሪያ ራዲዮውን ከፈተ።