ጨረቃ ላይ ቅሬ አለ ወይ?

ልጅ ሳለሁ፣ ኩታበር አጠገብ ባለችው መንደራችን፣ ተረት የሚነገረው አያ ሙሄ ቤት ነበር። አያ ሙሄ የሟቹ አባቴ አጎት ናቸው። አላህ ይዘንላቸውና የመንደሩ የቅሬ ዳኛም እሳቸው ነበሩ። ቅሬ እንግዲህ፣ ለማታውቁት፣ ሰው ሲሞት ጉድጓድ የሚምሰው፣ ሬሳ የሚሸከመው፣ ሐዘንተኛውን የሚያበላው የመንደር ማኅበር ነው። ያኔ ኩበቱ ጨሶ ጨሶ ፍም ሲሆን፣ ዓይናችን እያነባ ተኮልኩለን፣ እሳቸው በዱላቸው ጫፍ ፍሙን ቆስቆስ እያደረጉ ሲጀምሩ፣ የኩራዟ ብርሃን እሳቸው ጢም ላይ ብቻ ያረፈ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ክረምት መሠረተ ትምህርት የሚያስተምር ዘማች መጣብን፤ ከደሴ የመጣ ቀጭን ተማሪ። አመሻሽ ላይ እሱም ፍሙ ዳር ይቀመጣል። ታዲያ አንድ ቀን የተረት ተራ ቢሰጡት «ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቶ ተራምዷል» አይል መሰላችሁ! «ወደፊት ደግሞ ቤት ሠርቶ ይኖርበታል። መሬት ሲጠበን የምንሄደው ወደዚያ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«ይሄስ ከኔ የባሰ ተረተኛ ነው!» አሉ አያ ሙሄ። «ለመሆኑ ውሃ አለው?»

«የለውም፣ አያ ሙሄ። ይዘው ይሄዳሉ።»

«ጎረቤትስ?»

«እሱም ገና ነው።»

«ቅሬስ አለው?»

ዘማቹ ራሱን ነቀነቀ፤ የለውም።

«እንግዲያ አገር አይደለም» አሉ። «የሚቀብርህ ሰው ካለ ነው አገር የሚባል። እዚያ ላይ ብትሞት ማን ያነሳሃል? አሞራ እንኳ አይደርስልህ!»

ታላቅ ወንድሜ ይመር ግን አልሳቀም። ጢሙ ገና ብቅ ብቅ ማለት የጀመረ ጎረምሳ ነበር። «እኔ እሄድ ነበር» አለ። «የኛ ማሳ እንደሆነ ድንጋይ ብቻ ሆኗል።»

«ኧረ በነቢ፣ አፍህን ያዝ!» አለችው እናቴ።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። መጀመሪያ ከብቱ አለቀ፣ ቀጥሎ ሰው። ከብት ሲያልቅ ኩበት የለም፤ ኩበት ከሌለ እሳት የለም፤ እሳት በሌለበት ማን ተቀምጦ ተረት ይሰማል? ያን ጊዜ ነው የደርጉ ካድሬ መጥቶ ሕዝቡን ሰብስቦ ስለ ሰፈራ የነገረን። ጥቁር አፈር አለ፣ ትራክተር አለ፣ ክሊኒክ አለ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ወንዝ አለ። አያ ሙሄ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡና «ጌታው፣ ቅሬስ አለው?» አሉ። ከኛ ወገን ማንም አልሳቀም። ካድሬው ነው የሳቀው። «አባት፣ የምንወስዳችሁ ለኑሮ ነው እንጂ ለሞት ነው እንዴ?» አለ።

በማግሥቱ ይመር ተመዘገበ። እናቴ እጁን ይዛ አለቅህም አለችው። «እዚህ ብቀር ነው የምትቀብሪኝ፣ እማዬ» አላት። «ጠግቤ ካደርኩ አስጠራሻለሁ፤ አብሽሪ።»

ኮምቦልቻ ድረስ ወርደን ሸኘነው። ሜዳው ላይ ሆዱን የከፈተ ትልቅ አውሮፕላን ቆሞ፣ ሰዉን እንደ ጆንያ ይጠቀጥቁበታል። ይመር ዞሮ እጁን ሲያነሳ ከሌላው ሰው እጅ መለየት አቃተኝ። ከዚያ ያ ነገር ጮኾ ተነሣ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ነጥብ እስኪያክል። ወደ ሰማይ የሄደ ሰው ሌላ የት ሊሄድ ነው? እኔ ጨረቃ ሄደ አልኩ። ጨረቃ በሞላች ቁጥር ደጅ እየወጣሁ አንጋጥጬ እፈልገው ነበር፤ እዚያ ላይ የሚታየው ጥቁር ጥቁሩ፣ ይመር ያረሰው ማሳ መሰለኝ። «እዪ፣ ብዙ አርሷል» እላት ነበር ለእናቴ።

ቆይቶ፣ አብሮት የሄደው የጎረቤታችን ልጅ ሰይድ ከሰፈራው ጠፍቶ፣ በእግሩ ተጉዞ፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ መጣ። ይመርን ወባ እንደገደለው ነገረን።

«ማን ቀበረው?» አሉ አያ ሙሄ።

«ሁላችንም ታመን ነበር፣ አያ ሙሄ» አለ ሰይድ።

አያ ሙሄ ቅሬውን ጠሩ። የሚሸከሙት ሬሳ የለ፣ የሚምሱት ጉድጓድ የለ፤ የሚያበሉን እህልም ስላልነበራቸው ውሃ ቀድተው መጥተው ተቀመጡ። ዱዓ አደረጉ። እኔ ግን ሁሉም የዋሹኝ መስሎኝ ደጅ ወጥቼ ወደ ሰማይ እየጠቆምኩ «ያውና!» እያልኩ ጮኽኩ። አያ ሙሄ ተከትለውኝ ወጡ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙና ቀስ አድርገው ወደ መሬት አዞሩት።

ዛሬ የልጅ ልጄ ስልኩን ይዞ ይመጣና «እማማ፣ ሰው ማርስ ላይ ሊሰፍር ነው» ይለኛል። ዘር የማይበቅልበት ቀይ አፈር ያሳየኛል። ሸጋ ነው እለዋለሁ፤ የልጅን ደስታ ምን ብዬ እነጥቃለሁ? ሰውን እዚያ የሚያደርሰው እውቀት ነው ይላል። ይሆናል። እኔ በዓይኔ ያየሁት፣ ሰውን ከአገሩ ነቅሎ ወደ ሰማይ ያነሣው፣ ረሃብ ነበር። መጀመሪያ ጭነው የሚወስዱት ማንን እንደሆነ ልጁ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁት፤ አውቀዋለሁ።